ሞተሬ ቆሞ ባትሪ የሚበላው ማነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ያገለገለ 2008 ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ሞተር ሳይክል አለኝ፣ ሞተሩ ራሱ አንደኛ ነው፣ ግን እኔ የምነዳው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፣ አንድ ሁለት ቅዳሜ ከዘለልኩ ቁልፉን ስከፍት ዳሽቦርዱ ይበራል፣ ስታርት ሳደርገው ግን ጠቅ ጠቅ ጠቅ ብቻ። ባትሪ ቀየርኩ፣ አዲሱም ያው ሆነ። አንድ ጋራዥ ስወስደው ባትሪው ፎርጅድ ነው ሌላ ግዛ አሉኝ። የድሮው ባለቤት ያስገጠማቸው ነገሮች አሉ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ተጨማሪ መብራት፣ አላርም የሚመስል ሳጥን ምናምን። ቻርጀር ላይ ሰክቼው እንዳላሳድር አፓርታማው ፓርኪንግ ውስጥ ሶኬት የለም። ቴስተር አለኝ፣ ከቮልት ውጭ ግን ለክቼበት አላውቅም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ መጀመሪያ ሦስተኛ ባትሪ እንዳትገዛ። ሁለት ባትሪ በአንድ ዓይነት መንገድ ከሞተ ጥፋቱ የባትሪው የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው፣ ቴስተር ሳያወጣ "ፎርጅድ ነው" የሚል ጋራዥ ደግሞ እኔ በበኩሌ ተመልሼ አልሄድም።

ግን ወደ ፍሳሹ፣ ማለትም ሞተሩ ቆሞ ከባትሪው ወደሚጠጣው ኮረንት፣ ከመሄድህ በፊት ዲናሞው ባትሪውን ቻርጅ ማድረጉን አረጋግጥ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩን አስነስተህ ጋዝ ትንሽ ሰጠት አድርገህ ባትሪው ላይ ቮልት ለካ፣ ከ13.5 እስከ 14.5 አካባቢ ካሳየህ ዲናሞው ስራውን እየሰራ ነው። ከዛ አጥፍተህ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ድጋሚ ለካ፣ 12.7 ወይም 12.8 ከሆነ ሙሉ ነው። ይሄ ሁሉ ደህና ሆኖ በሳምንቱ 12.1 ምናምን ካገኘኸው አዎ፣ ቆሞ እየተበላ ነው።

አሁን ሂሳቡን እይ፣ ሰው ሁሉ የሚዘለው እሱን ነው። ያንተ ሞተር ባትሪ 18 አምፕር ሰዓት ነው፣ ማለትም 1 አምፕ ቢጠጣ 18 ሰዓት ገደማ ይቆያል። ሞተሩ ጠፍቶ 50 ሚሊአምፕ ከተጠጣ በቀን 1.2 አምፕር ሰዓት ይሄዳል፣ በሳምንት 8.4፣ ማለትም ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው፣ 1832 ሲሲ ባለስድስት ሲሊንደር ሞተር ለማዞር ደግሞ ግማሽ ባትሪ ያስጨንቃል፣ በሁለት ሳምንት ጠቅ ጠቅ የሚልህ ለዚህ ነው። ሰዓቱና የሬዲዮው ሜሞሪ የሚወስዱት ሁለት ሦስት ሚሊአምፕ ቢሆን ግን ለሳምንታት አይሰማህም። ስለዚህ ፍሳሽ መኖሩ አይግረምህ፣ ብዙ ሞተር ላይ አለ፣ ጥያቄው ስንት ነው የሚለው ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ቁልፉን አውጣ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፍታ (ሁሌም ኔጋቲቩ ነው የሚቀድመው፣ ፖዘቲቩን ስትፈታ መፍቻው ፍሬሙን ቢነካ ብልጭታው ያስደነግጥሃል)። የቴስተሩን ቀይ ገመድ 10 አምፕ የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ሰክተህ መዞሪያውን ዲሲ አምፕ ላይ አድርገው፣ ከዛ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ሌላውን የፈታኸው ገመድ ጫፍ ላይ፣ ማለትም ኮረንቱ በቴስተሩ ውስጥ አልፎ እንዲሄድ። ልክ እንዳገናኘኸው ቁጥሩ ዘለል ይላል፣ አትደንግጥ፣ እቃዎቹ እስኪተኙ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ፣ ያ ሳጥን እውነትም አላርም ከሆነ ደግሞ ሊጮህ ይችላል እና እሁድ ጠዋት ጎረቤት ተኝቶ ባትሞክረው ይሻላል። 0.05 ካሳየህ 50 ሚሊአምፕ ነው። ቴስተሩ ተያይዞ እያለ ቁልፍ አትክፈት፣ ስታርትማ በጭራሽ፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ከ100 አምፕ በላይ ነው የሚስበው የቴስተሩ ፊውዝ ቻው። ስትጨርስም ቀዩን ገመድ ወደ ቮልት ቀዳዳ መልሰው፣ አምፕ ላይ ረስተኸው ነገ የባትሪውን ሁለት ጫፍ ብትነካበት ሾርት ነው።

ቁጥሩን ካገኘህ በኋላ ብዙ ሰው ቀጥታ ፊውዝ ሳጥኑን ከፍቶ አንድ በአንድ መንቀል ይጀምራል። ያንተ ሞተር ላይ ግን እኔ ከባትሪው ጫፍ ነው የምጀምረው። ከወፍራሞቹ ገመዶች ሌላ ስንት ቀጫጭን ሽቦ ብሎኑ ላይ ታስሯል? እነዚህ በፋብሪካው ፊውዝ ሳጥን አያልፉም፣ ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ፊውዝ በሙሉ ብትነቅለው እንኳን ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም፣ ሰው ግማሽ ቀን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። ቀጫጭኖቹን አንድ በአንድ ለይና ቴስተሩን እይ። የስልክ ቻርጀር ስልክ ባይሰካበትም 12 ቮልቱን ወደ 5 መቀየሩን አያቆምም፣ ሰማያዊ መብራትና ቮልት ማሳያ ያለው ከሆነ ይብሳል፣ የድሮ አላርም ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ የሚያድር ነው። አንዳቸውም ብቻቸውን ላይገድሉህ ይችላሉ፣ ሲደመሩ ነው።

ከዛ ካልተገኘ ወደ ፊውዞቹ ሂድ፣ የትኛው ሲነቀል ቁጥሩ እንደሚወርድ ካየህ ያ መስመር ላይ ያሉትን እቃዎች ነጥለህ ትፈልጋለህ። የኋላ ሳጥኑ ውስጥ ያለችውን መብራት አትርሳ፣ ስዊቹ ከተበላሸ ክዳኑ ተዘግቶም ልትበራ ትችላለች፣ ስልክህን ቪዲዮ ላይ አድርገህ ውስጥ ዝጋበትና እይ። ፊውዞቹም ንጹህ ከሆኑ የቀረው የዲናሞው ዳዮድ ነው፣ እሱ ሲበላሽ ኮረንት ወደኋላ ያሳልፋል፣ ግን ያን ያህል የምትደርስ አይመስለኝም።

ጥፋተኛው ቻርጀሩ ወይም መብራቶቹ ከሆኑ አውልቀህ አትጣላቸው፣ ሪሌ ግዛ፣ በትንሽ ኮረንት የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፣ እግሮቹ ላይ ቁጥር አለ። 30 ቁጥር ከባትሪው በፊውዝ (ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን)፣ 87 ወደ እቃዎቹ፣ 85 ግራውንድ፣ 86 ደግሞ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኮረንት የሚያገኝ ሽቦ ላይ፣ ለምሳሌ የታርጋው መብራት። አላርሙ ከሆነ ግን ቆርጠህ እንዳትጥለው፣ ብዙዎቹ የሞተሩን ማስነሻ መስመር ቆርጠው ነው የሚገቡት፣ ያ የተቆረጠው ሽቦ መልሶ ካልተገናኘ ሞተሩ ጭራሽ አይነሳም።

እስከዛ ድረስ ቅዳሜ ነድተህ ስትገባ ኔጋቲቩን ፍታው፣ ሰዓቱን ድጋሚ መሙላት ነው ጣጣው። አሁን የወረደውን ባትሪ ደግሞ አውጥተህ ቤት ይዘኸው ግባና በቻርጀር ሙላው፣ የግማሽ ሰዓት መንዳት አይሞላውም፣ ባዶ ሆኖ በቆየ ቁጥር ውስጡ ሰልፌት (ሳህኖቹ ላይ የሚጋገር ጨው) እየያዘ አዲሱም ቶሎ ያረጃል። ይሄ ሳይስተካከል ስካይላይን ድራይቭ (ቨርጂኒያ ያለው የተራራ መንገድ) ምናምን እንዳትወጣ፣ 105 ማይል ነው፣ ብዙ ቦታ ላይ ስልክ አይሰራም፣ ያንተን ከ400 ኪሎ በላይ የሆነ ሞተር ገፍቶ ማስነሳት ደግሞ አይታሰብም፣ ሪቨርሱ ራሱ በሞተሪኖው ነው የሚሰራው ባትሪ ከሌለ እሱም የለም።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ መንቀል የሞተሩን ኮምፒውተር ያቃጥላል ይላሉ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ወጥቶ ከሆነ አያቃጥልም። የሚያቃጥለው ሞተሩ እየሰራ ባትሪውን መንቀል ነው፣ ዲናሞው ድንገት ማረፊያ ያጣና ቮልቱ ይዘላል፣ "ዲናሞው ይሰራ እንደሆነ እንይ" ብሎ እንደዛ የሚያደርግ ሰራተኛ ካየህ እጁን ያዘው።