ለወጣት ልብስ ሰፊዎች፦ ስለ ብጣሽ ጨርቅ

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ልብስ ስፌት ተምራችሁ በቅርቡ ሥራ ለጀመራችሁ፣ መኪናችሁን በዕቁብ ወይም በብድር ገዝታችሁ በቤታችሁ አንድ ጥግ ወይም በጠባብ የኪራይ ሱቅ ውስጥ ለተቀመጣችሁ ወጣቶች ነው። ስለ ልክ አወሳሰድና ስለ እጅጌ አገጣጠም የሚያስተምራችሁ ሰው አታጡም። ከጠረጴዛችሁ ሥር ስለሚያብጠው ማዳበሪያ ግን የሚያወራችሁ ጥቂት ነው። በዚያ ማዳበሪያ ውስጥ የሚጠራቀመው ብጣሽ የገንዘባችሁና የጊዜያችሁ ጉዳይ ነው፤ ወደ በኋላ እንደምገልጸው የስማችሁም ጉዳይ ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ብጣሽ ማጠራቀም በራሱ ቁጠባ አይባልም። ብጣሽ ጥቅም የሚሰጠው መቀስ ከማረፉ በፊት የታሰበበትና ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ሥራ የተሰጠው እንደሆነ ነው። ለዓመታት የታጨቀ ማዳበሪያ አቧራ ይሰበስባል፤ ብል ይገባበታል፤ በጠባብ ቤት ውስጥ ደግሞ የሰው መቀመጫ ይወስዳል። ባለቤቱም «አንድ ቀን እሠራበታለሁ» እያለ አዲስ ጨርቅ ሲገዛ ይኖራል።

የአገራችንን ሸማ አስቡት። ነጠላ፣ ጋቢና ኩታ ከሸማኔው እጅ ወጥተው ቢበዛ ጠርዝ ለጠርዝ ተያይዘው ይለበሳሉ። ነጠላው በሁለት፣ ጋቢው በአራት ድርብ ይደረባል እንጂ በመቀስ አይቀረጽም፤ ስለዚህም ብጣሽ የለውም። ፈትሉን በእንዝርት የፈተለችው ሴት የስንት ወር ድካሟ እንደሆነ የሚያውቅ ማኅበረሰብ ጨርቁን እንዳይቆርጥ አድርጎ መልበስን ቢመርጥ የሚያስገርም አይደለም። ብጣሽ የበዛው በሰውነት ቅርጽ ልክ የሚሰፋው ልብስ ሲስፋፋ ነው፤ የብብት ጉድጓድ፣ የአንገት ክብና የዳሌ ቅርጽ በተቆረጠ ቁጥር በመካከሉ የሚወድቅ ነገር አለ። በልብስ ፋብሪካዎች እንኳ አቆራረጡ በኮምፒዩተር እየተነደፈ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ የሚቀረው ትርፍ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ10 እስከ 15 እንደሚደርስ ይገመታል። አንድ ቀሚስ ብቻውን የሚቆርጥ ሰፊ ደግሞ ቁራጮቹን እርስ በርስ የማቀናጀት ዕድሉ ከፋብሪካው ያነሰ በመሆኑ ከዚያም በላይ ሊያባክን ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ የሚመለከተው ሳሙናውን ይዛችሁ ጨርቅ ላይ የምታሰምሩበትን ሰዓት ነው። ፊትና ጀርባውን አስምራችሁ ወዲያው አትቁረጡ። እጅጌውን፣ ኮሌታውን፣ የኪሱን ከረጢትና የአንገቱን ውስጥ መደረቢያ ሳይቀር ሁሉንም አስቀምጡና ጨርቁን እንደገና ተመልከቱ። ትልልቁን አስቀድሞ ማስቀመጥ፣ ትንንሹን በመካከሉ ባለው ክፍተት ማስገባት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ቦታ ለመቆጠብ ብላችሁ የድሩን አቅጣጫ አታዛቡ፤ ድሩ የተዛባበት እጅጌ ከታጠበ በኋላ ይጠመዘዛልና። ከዚያም በሚተርፈው ላይ በሳሙናችሁ ጻፉበት፤ ይህ ለአንገት ማሰሪያ፣ ይህ ለኪስ፣ ይህ ለደንበኛዋ የሚመለስ ብላችሁ። ሥራው በዚያው ሰዓት ያልተወሰነለት ቁራጭ ማዳበሪያው ውስጥ መግባቱ አይቀርም።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ሰያፍ ቁራጭ አንድ ነገር ላክል፤ ብዙ ወጣቶች ጠርዝ ማሰሪያ ከመርካቶ በጥቅል ሲገዙ ስለማይ ነው። ጎንና ጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ጨርቅ በ45 ዲግሪ ሰያፍ እየተቆረጠ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ስስ ቁራጮች ቢወጡለትና ጫፋቸው ቢቀጣጠል ሁለት ሜትር ያህል ማሰሪያ ይሰጣል። ይህም የአንድ ቀሚስ አንገትና ሁለቱን የእጅጌ ቀዳዳዎች ለመጨረስ ይበቃል። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ስለሚለጠጥ ክቡን ያለ ሽብሽብ ይዞራል። በቀጥታ ድር ላይ የተቆረጠ ግን የፈለጋችሁትን ያህል ብትጎትቱት እሺ አይላችሁም።

አሁን ወደ ስማችሁ ጉዳይ ልምጣ፤ ከሁሉም አስረዝሜ ልናገርበት የምፈልገውም ይህ ነው። በአገራችን ደንበኛው ብዙውን ጊዜ ጨርቁን ራሱ ገዝቶ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ከዚያ ጨርቅ የተረፈው ብጣሽ የማን ነው? መልሱ ግልጽ ነው፤ የባለ ጨርቁ ነው። ሰፊ ጨርቅ ያስቀራል የሚለው ሐሜት በሙያችን ላይ የቆየ ነው፤ ሐሜቱን የሚያበርደውም የእያንዳንዳችን ሥራ ብቻ ነው። ልብሱን ስታስረክቡ ከአንድ ስንዝር የሚበልጠውን ትርፍ ሁሉ አጥፋችሁ አብራችሁ ስጡ። ደንበኛዋ «ምን ያደርግልኛል?» ብትል ጥቅሙን አስረዷት፤ መርካቶ የሚገባ ባለ አበባ ጨርቅ ጣቃው ካለቀ በኋላ ተመሳሳዩ መገኘቱን ማንም ዋስትና አይሰጥም፤ ብብቱ ሲቀደድ፣ ወይም የልጅቱ ቀሚስ በዓመቱ ሲያጥርባት፣ ያ ብጣሽ ብቻ ነው የሚታደጋት። እኔ ለሕፃናት ልብስ ሁልጊዜ ከታች የሚቀጠል አንድ ጋት የሚያህል ቁራጭ ለእናትየው አስቀምጬ እሰጣለሁ፤ እንዲህ ያለ ትርፍ የተቀበለች እናት ሌላ ሰፊ አትፈልግም።

ብጣሹን ለራሳችሁ ሥራ ከፈለጋችሁት ደግሞ ጠይቁ። «ትርፉን ልመልስልዎ ወይስ ይተዉልኛል?» ማለት አያሳፍርም፤ አብዛኛው ሰውም በደስታ ይተወዋል። ሳይጠየቅ የቀረው ቁራጭ ግን በሌላ ደንበኛ ትራስ ላይ ተሰፍቶ ሲታይ ምን ዓይነት ወሬ እንደሚያስነሳ እናንተው ገምቱ፤ ሰፈር ጠባብ ነው።

የእናንተ የሆነውን ብጣሽ በቀለሙ ከመለየታችሁ በፊት በዓይነቱ ለዩት። ገበያ ላይ ጥጥ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ጥጥ አይደለምና ከጠርዙ ጥቂት ክር መዝዛችሁ በጥንቃቄ፣ ከጨርቅ ክምር ርቃችሁ አቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ሱፍ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። ይህን ሙከራ አጥብቄ የማሳስባችሁ በወጥ ቤት ምክንያት ነው። ብዙ ጀማሪዎች ከብጣሽ አስቀድመው የሚሠሩት የድስትና የምጣድ መያዣ ነው፤ ከፖሊስተር የተሠራ መያዣ የጋለ ብረት ሲነካ ቀልጦ በሴትዮዋ እጅ ላይ ይጣበቃል። ለእሳት የሚቀርብ ነገር ሁሉ ፊቱም፣ ገበሩም፣ ክሩም ሳይቀር ጥጥ ይሁን፤ በመካከሉ የአሮጌ ካፖርት ሱፍ ወይም ሁለትና ሦስት ድርብ የአሮጌ ጋቢ ቁራጭ ብታደርጉበት ሙቀቱን በደንብ ይከላከላል። ከጋቢና ከነጠላ ያረጀው ክፍል ሳስቶ ለመያዣ ባይሆን እንኳ በንጽሕና ታጥቦ ለቅቤና ለጠጅ ማጥለያ ይሆናል፤ ይህን እናቶቻችሁ ያውቁታል።

ቁራጮቹን ቀጣጥላችሁ አልጋ ልብስ ወይም የሕፃን መጠቅለያ ለመሥራት ለምትፈልጉ ደግሞ ሂሳቡን ልስጣችሁ። ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ በአራቱም በኩል አንድ ሴንቲ ሜትር ለስፌት ሲወጣለት 8 ሴንቲ ሜትር ይቀረዋል፤ አሥር በአሥር የተደረደሩ 100 ካሬዎች ስለዚህ 80 በ80 የሆነ የሕፃን መጠቅለያ ይሰጧችኋል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ስፌት 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ውስጥ ብትገቡ ከሁለቱ ቁራጮች 4 ሚሊ ሜትር ትወስዳላችሁ፤ በአንድ ረድፍ ዘጠኝ ስፌት አለና ረድፉ ከጎረቤቱ በ3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል አጥሮ ይገኛል። ለዚህ ነው ሁሉንም ካሬ በአንድ የካርቶን ልክ መቁረጥ፣ በመኪናው ሰሌዳ ላይ የስፌቱን ርቀት የሚያሳይ ፕላስተር መለጠፍና እያንዳንዱን ረድፍ በካውያ ተኩሶ ወደሚቀጥለው ማለፍ የሚያስፈልገው። ጥጡንም አስቀድማችሁ እጠቡት፤ ያልታጠበ አዲስ ጨርቅ ከታጠበ አሮጌ ጋር ከተሰፋ በመጀመሪያው እጥበት አንዱ ሲሸበሸብ ሌላው ዝም ይላል። ቀይና ጥቁር ቀለም ያለውንም በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ተኩሱት፤ ነጩን ካቀለመው ለሕፃን አይሆንም። ጂንስ ከስስ ጥጥ ጋር ባትቀላቅሉ እመርጣለሁ፤ ከቀላቀላችሁ ግን መርፌውን ወደ 16 ቁጥር ለውጡ፤ ስስ ፖፕሊንን በ11 ቁጥር መስፋት በቂ ነው።

ከሁሉም ብጣሽ የማከብረው ጥለት ነው። የአገር ልብስ ሲያረጅ አስቀድሞ የሚሳሳው ነጩ ሸማ ነው፤ ጥለቱ ክሩ ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከልብሱ በኋላም ብዙ ዘመን ይቆያል። ስፌቱን ከውስጥ በኩል በትዕግሥት ተርትራችሁ አውጡት እንጂ በመቀስ አትሸርክቱት። የሸማ ጠርዝ በቀላሉ ስለሚተረተር ከሸማው ላይ ሁለት ጣት ያህል ትርፍ ተዉለትና ወዲያውኑ ዘምዝሙት። ከዚያ በኋላ በአዲስ ቀሚስ፣ በትራስ ልብስ፣ በመጋረጃ ወይም በመሶብ መሸፈኛ ላይ ይውላል። በሽሮ ሜዳ ያሉ ሸማኔዎች በአንድ ጥለት ላይ የሚያጠፉትን ጊዜ ያየ ሰው ያንን ጥለት ከእራፊ ጋር አይጥለውም።

ገበያን በተመለከተ በአሁኑ ጊዜ ከፊታችሁ ያለው ትልቁ ዕድል የጨርቅ ከረጢት ይመስለኛል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ፌስታል እንዲቀር ተወስኗል፤ ስለዚህ ሰው ሽንኩርትና ቲማቲም የሚይዝበት ነገር ያስፈልገዋል። ከካኪና ከጂንስ ብጣሽ የተሠራ፣ ማንጠልጠያው እስከ ከረጢቱ ታች ድረስ ወርዶ የተሰፋ፣ ተጣጥፎ በቦርሳ ውስጥ የሚገባ ከረጢት ይሸጣል። ማንጠልጠያው ከላይ ጠርዝ ላይ ብቻ ከተሰፋ አምስት ኪሎ ድንች ሲገባበት መነቀሉ አይቀርም።

በተቃራኒው ከብጣሽ እንዳትሠሩት የምመክረው የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያን ነው። መቀሌ ላይ ማርያም ሳባ የተባለውን ፋብሪካ የመሠረቱት ፍሬወይኒ መብራህቱ እየታጠበ የሚያገለግል መጠበቂያ በመሥራታቸው በ2019 እ.ኤ.አ. የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለው መመረጣቸው ብዙ ወጣቶችን አነሣሥቷል፤ ደግም አደረገ። ነገር ግን ይህ ሥራ ምንጩ የታወቀ ንጹሕ ጥጥ፣ ፈሳሽ የማያሳልፍ መደረቢያና ጥብቅ ንጽሕና ይፈልጋል። ቀለሙና ታሪኩ ያልታወቀ ቁራጭ ለዚህ አይሆንም።

ይህ ሁሉ መቼ ይሠራል ትሉ ይሆናል። ለጥምቀትና ለፋሲካ ሰልፉ በር ላይ ሲቆም፣ በነሐሴና በመስከረም ዩኒፎርሙ ሲከመር፣ ለብጣሽ ጊዜ እንደማይኖር አውቃለሁ፤ በዚያን ጊዜ አትንኩት። የብጣሽ ሥራ በባሕርዩ ተቆራርጦ የሚሠራ ነው። መብራት ሲጠፋ ጥለት መተርተር፣ ካሬ መቁረጥና መለየት ይቻላል፤ የእግር መኪና ያላችሁማ መስፋትም ትችላላችሁ። ቡና እስኪፈላ ድረስ አንድ ረድፍ በእጅ መጥቀም ይቻላል። ልጅ ያላችሁ እናቶች ደግሞ የተጀመረውን ሥራ መርፌው ከተቆጠረበት ክዳን ያለው ዕቃ ጋር በአንድ ቦታ አኑሩት፤ በተነሣችሁ ቁጥር ዘግታችሁ መሄድ፣ በተመለሳችሁ ቁጥር ካቆማችሁበት መቀጠል ትችላላችሁ።

ለማዳበሪያውም ወሰን አብጁለት። አንድ ብቻ ይሁን፤ ሲሞላ አዲስ ቁራጭ ከመግባቱ በፊት ከውስጡ አንድ ነገር ተሠርቶ ይውጣ። ከጋት የሚያንሰውን ጥጥ በስሱ ሸርክታችሁ ለትራስ ሙሉት፤ ሳይሸረከት ከተጨመረ ግን ትራሱ ይጎረብጣል፤ ጥጥ ብቻውንም ስለሚከብድ ለመቀመጫ ትራስ እንጂ ለራስጌ አይመችም። የሚቈጣጠራችሁ ሰው ባይኖርም የፖሊስተሩን ቅሪት በግቢ ውስጥ አታቃጥሉ፤ ጭሱ ለጎረቤትም ለእናንተም ጎጂ ነው።

በመጨረሻ የዋጋውን ነገር ሳልናገር አላልፍም። «ጨርቁ ብጣሽ ነው፣ ስለዚህ ርካሽ ይሁን» የሚል ደንበኛ መምጣቱ አይቀርም። ባለ 100 ካሬ መጠቅለያ ከአንድ ወጥ ጨርቅ ከሚሰፋው ብዙ እጥፍ ሰዓት ይወስዳል፤ ዋጋውም የሚሰላው በዚያ ሰዓት፣ በክሩና በገበሩ ነው። በምትሠሩበት ጊዜ ሰዓቱን በደብተር መዝግቡ፤ ዋጋ ስትጠየቁም መጠቅለያውን ገልብጣችሁ የውስጡን ስፌት ለደንበኛው አሳዩት፤ ከዚያ በኋላም ዋጋው ካልተስማማው፣ ተመሳሳዩን ከወጥ ጨርቅ በአነሰ ዋጋ እንደምትሰፉለት በትሕትና ንገሩት።