ከውጭ ተመልሳችሁ ማሳጅ ቤት ልትከፍቱ ላሰባችሁ

ከቨርጂኒያም፣ ከዱባይም፣ ከቤይሩትም የሚደውሉልኝ ልጆች ጥያቄያቸው አንድ ነው። «እትዬ፣ ትንሽ ብር ይዣለሁ፣ አዲስ አበባ ገብቼ ስፓ ብከፍት ያዋጣል?» አሜሪካ ሰው ሳሽ ኖሬ፣ ተመልሼ ካዛንቺስ አካባቢ የራሴን ቤት ስለከፈትኩ ነው የሚጠይቁኝ። ያዋጣል። ወገቡንና ትከሻውን የሚያመው ሰው እዚህ ከተማ ሞልቷል። ችግሩ ሰው «ማሳጅ» የሚል ታፔላ ሲያይ ወዲያው የሚያስበው ነገር ነው። እናንተም እኔም እናውቀዋለን፣ አንሸፋፍነው።

አንዱ ቤት በማሳጅ ስም ሌላ ሥራ ሲሠራ ይያዛል፣ ከዚያ የሁላችንም በር ይንኳኳል። ያናድዳል፣ ግን ንዴት ኪራይ አይከፍልም። ማንም ድንገት ቢገባ የማያሳፍር ቤት ክፈቱ። ክፍሉ ከውስጥ አይቆለፍ። ደንበኛው በአንሶላ ይሸፈን፣ የሚገለጠው የሚታሸው ቦታ ብቻ ይሁን። ዋጋው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሌላ ነገር የሚጠይቅ ሰው ከመጣ የምታሸው ልጅ ዘይቱን አስቀምጣ ትውጣ፣ እናንተ ሂሳቡን ተቀብላችሁ ሸኙት፣ ሁለተኛ እንዳይመጣ። ባለሥልጣንም ይሁን፣ ባለሀብትም ይሁን፣ ያገራችሁ ልጅም ይሁን።

ይህን ሁሉ ደንብ አውጥታችሁ ልጅቷን በፐርሰንት ብቻ የምታሠሯት ከሆነ ግን ራሳችሁን እያታለላችሁ ነው። ክረምት ላይ ከሰዓቱ ሙሉ ሰው ሳይመጣ ሊያልፍ ይችላል። ደመወዝ የላትም፣ የቤት ኪራይ አለባት፣ ማምሻውን የመጣው አንድ ደንበኛ ጠቀም ያለ ቲፕ አሳይቶ ይጠይቃታል። እዚያ ጭንቅ ውስጥ ያስገባት ማነው? መነሻ ደመወዝ ስጧት፣ ፐርሰንቱ በላዩ ይምጣ። ጡረታዋንም ክፈሉላት፣ የአሠሪው ድርሻ 11 በመቶ ነው። ብዙ የሥራ ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙኝም፣ «ደመወዝ ከለመዱ ይሰንፋሉ» ይላሉ። መጥተው የእኔን ልጆች ይዩ።

ሙያውን በተመለከተ፣ ኒውዮርክ የማሳጅ ፈቃድ ለማውጣት 1,000 ሰዓት፣ ቨርጂኒያ ደግሞ 500 ሰዓት መማር ይጠይቃል። ያ ሁሉ ሰዓት ስለ ማሸት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ትልቁ ትምህርት መቼ እንደማይታሽ ማወቅ ነው። ከዋሽንግተን ያን ሁሉ ሰዓት አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ የመጣ ዘመዳችሁ አንድ እግሩ ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ባቱን ቢያመው፣ «እሺኝ ይለቀኛል» ቢላችሁም እጃችሁን እንዳታሳርፉበት። የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፣ ከተነቀለ ሳንባ ድረስ ይሄዳል። በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ትኩሳት ያለውንም አትንኩ፣ ደም ግፊቱ ያልተስተካከለውንም ሳውና አታስገቡ። ውጭ አገር ስፓ ውስጥ በጽዳት ወይም በሪሴፕሽን ሠርታችሁ ከሆነ በጣም ጥሩ፣ ቤቱ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ አይታችኋል። ግን ማየት መማር አይደለም። ሠልጥናችሁ፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ተፈትናችሁ ጀምሩ።

«እዚህ አገር ሰው ስፓ አያውቅም» የምትሉትን ነገር ደግሞ ተዉት። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ቤት ያሠሩት ፍልውሃውን ወደውት ነው። ከተማዋ ራሷ በፍል ውሃ ዙሪያ የተቆረቆረች ናት! ዛሬም ፍልውሃ ሰልፍ አለ። ወጌሻም፣ ወይባም የኖረ ነገር ነው። ለእናቶች «ስዊድሽ»፣ «ዲፕ ቲሹ» ከምትሉ «ለስለስ ያለ ነው ወይስ ጠንከር ያለ የሚፈልጉት?» ብላችሁ ጠይቁ።

የታዲዮስ ጌታቸውን ታሪክ የምትጠቅሱልኝም አላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ከአሜሪካ ተመልሰው ቦሌ ላይ ቦስተን ዴይ ስፓን፣ ከዚያ ቢሾፍቱ ላይ ኩሪፍቱ ሪዞርትን ከፍተዋል። እናንተ የምታዩት ግን ኩሪፍቱን ነው። አሜሪካ፣ ቦስተን ከተማ፣ ሳሎን ውስጥ ፀጉር ሲሠሩ የቆዩበትን ዘመን ማንም አያነሳልኝም።

ወረቀቱን ባጭሩ ልንገራችሁ። የውጭ ፓስፖርት ካላችሁ መጀመሪያ ቢጫ ካርድ አውጡ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ይህን የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ የያዘ ሰው እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መሥራት ይችላል። ያለዚያ እንደ ውጭ ባለሀብት ትቆጠራላችሁ፣ ብቻውን ለሚገባ የውጭ ባለሀብት በመደበኛው የሚጠየቀው ካፒታል ደግሞ ቢያንስ 200,000 ዶላር ነው።

ብራችሁን ዕቃ ላይ አትጨርሱት። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። የማሳጅ አልጋ ጎበዝ አናጢ ይሠራዋል፣ ከፍታውን ብቻ በራሳችሁ ቁመት አስለኩ፣ ክንዳችሁን ወደ ታች ለቃችሁ ስትቆሙ ጭብጣችሁ የሚነካው ያህል ይሁን። ከዚያ በአውራ ጣት ሳይሆን በክንድና በሰውነት ክብደት እሹ፣ አለዚያ ጣታችሁ ቶሎ ያልቃል። ለዘይት የሁመራ ሰሊጥ ምን ጎደለው? ጠረኑ ቀለል ያለውን ምረጡ። ዘይት የነካውን ፎጣ ግን በደንብ ሳታጥቡ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አትክተቱት፣ ራሱን በራሱ አግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ቦታ ላይ ምክሬ ከድሮው ተለውጧል። ዱሮ «መሀል ከተማ ያዙ» እል ነበር። ፒያሳ ፈረሰ፣ ካዛንቺስ ተከተለ፣ ደንበኛው የካም ተበተነ፣ ለሚ ኩራም ሄደ። ስለዚህ የእያንዳንዱን ደንበኛ ስልክና የሚያመውን ቦታ በደብተር ያዙ፣ ቤቱ ቢነሳ ደብተሩ ይነሳል እንዴ? ለማስዋብም ብዙ ወጪ አታውጡ።

ሞሮኮ ባዝ (በእንፋሎት ገላን እየፈተጉ ማጠብ) እንጨምር ወይ ለምትሉት፣ ጨምሩ፣ ገቢው ጥሩ ነው። የሚፈጀው ውሃ ግን ለጉድ ነው፣ ሮቶ ብቻውን አይችለውም። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ አከራዩን አትጠይቁት። ጎረቤት ያለችውን ፀጉር ቤት ጠይቁ።