ገደል አፋፍ ላይ ለቆሙ አንባቢ

ጥያቄ፦ ከደጀን ወጣ ብዬ የዓባይ ገደል አፋፍ ላይ ስቀመጥ አሞሮች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ከሸለቆው ሽቅብ ሲወጡ አያለሁ። እንዲህ ሞተር ሳይኖረው የበረረ ጀርመናዊ ነበር ይባላል። በምን በረረ? ምን ገደለው? እኔስ ሠርቼ ብሞክር?

መልስ፦ ኦቶ ሊሊየንታል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1848 አንክላም ከተማ የተወለደ መሐንዲስ። ያጠናው ግን አሞራን ሳይሆን ሽመላን ነበር። ከወንድሙ ከጉስታቭ ጋር ክንፍ በሚሽከረከር ክንድ ላይ እያሰረ የአየሩን ጉልበት ለካ፤ በመጠኑ የጎበጠ ክንፍ ከዝርግ ሰሌዳ የበለጠ እንደሚሸከምም በ1889 ባሳተመው መጽሐፍ አሳየ። የበረረው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ለገዢዎችም የሸጠው ክንፍ ከጫፍ ጫፍ 6.7 ሜትር፣ ስፋቱ 13 ካሬ ሜትር፣ ክብደቱ 20 ኪሎ ገደማ ነበር። አጽሙ አኻያ፣ ልባሱ እንደ አቡጀዲ ያለ የጥጥ ጨርቅ። መሪ የለውም። በክንዱ ተንጠልጥሎ ክንፉ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል እግሩን ወደ ግራ፣ የክንፉ አፍንጫ (የፊት ጫፉ) ሲነሳ ወደ ፊት ይወረውራል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፦ በብብቱ የተንጠለጠለ ሰው የሚያወዛውዘው ከወገቡ በታች ያለውን ብቻ ነው። በዛሬው ተንጠልጣይ ክንፍ አብራሪው በማሰሪያ ስለሚንጠለጠል መላ ሰውነቱን ያዛውራል።

ኦገስት 9 ቀን 1896 ሽቶልን በተባለ የጀርመን መንደር አጠገብ ነፋስ የክንፉን አፍንጫ ቀና አደረገበት። ፍጥነት ያጣ ክንፍ አይሸከምም፤ እግሩን ቢወረውርም አልበቃም። ከ15 ሜትር ገደማ ወደቀ፤ አንገቱ ተሰብሮ በማግስቱ ሞተ። በ1894 ከተመሳሳይ አወዳደቅ ያተረፈው ከፊት የሚገጠም የአኻያ ቅስት ያን ቀን አልነበረም።

ከአፋፉ መዝለሉን ይተዉት። አሞራው የሚወጣው ፀሐይ ያሞቀው አየር ሽቅብ ሲነሳ ነው፤ ነፋሱ ከጀርባዎ ከደጋው ወደ ሸለቆው ከነፈሰ ግን አየሩ ከአፋፉ ሥር ይገለባበጣል፣ ክንፉንም ቁልቁል ይደፍቀዋል። ሊሊየንታል ሁልጊዜ ነፋስን ፊት ለፊት ይገጥም ነበር፤ በርሊን አጠገብ 15 ሜትር ከፍታ ያለው ክብ ጉብታ ያስቆለለውም ነፋሱ ከየትም ቢመጣ እንዲገጥመው ነው።

ይልቅ ከሸምበቆና ከወረቀት ጅራት ያለው ትንሽ ሞዴል ይሥሩ። ሚዛኑ (በጣት ሲደግፉት ሳያዘነብል የሚቆምበት ቦታ) ከክንፉ ፊት ጠርዝ ወደ ኋላ ሲሶው ላይ ይሁን። በለስላሳ ነፋስ፣ ፊቱን ወደ ነፋሱ አድርገው ይልቀቁት። ቀና እያለ የሚወድቅ ከሆነ አፍንጫው ላይ ጭቃ ይጨምሩ፤ አፍንጫውን ደፍቶ ቁልቁል ከወረደ የጅራቱን የኋላ ጠርዝ በትንሹ ወደ ላይ ያጥፉት።