በአይጥ አንጎል ውስጥ የኦፒዮይድ ሪሴፕተር ስለሚፈልጉ አንቲቦዲዎች፦ ጠይቁኝ

የአይጥ አንጎል በስሱ እየቆረጥኩና ስላይድ እያቀለምኩ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ልጆቹ ተኝተዋል፤ የምታውቁትም የማታውቁትም ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ እኔ የላብራቶሪ ሰው አይደለሁም። አንቲቦዲ ሲባል የማውቀው የኮቪድ ምርመራውን ነው። ይሄኛው ምንድን ነው?

ያው ነው፤ ሥራው ነው የሚለየው። የሪሴፕተሩን (ሞርፊንና መሰሎቹ ነርቭ ላይ የሚያርፉበትን ፕሮቲን) ትንሽ ቁራጭ ጥንቸል ላይ ትወጋለህ፤ ጥንቸሏ ያንን የሚለይ አንቲቦዲ በደሟ ውስጥ ትሠራለች። እኛ እሱን እንቀዳና የአይጥ አንጎል ላይ እናፈስሰዋለን። ሞርፊን የሚያርፍበት ቦታ የት እንዳለ በብርሃን ያሳየናል።

ጥያቄ፦ ሙ፣ ዴልታ፣ ካፓ የሚባሉ የኦፒዮይድ ሪሴፕተር ዓይነቶች አሉ። ለሕመም ጥናት በየትኛው ልጀምር?

በሙ። በ1996 የሙ ጂን የጠፋባቸው አይጦች ሲሠሩ ሞርፊን ሕመም ማስታገሱም ሱስ ማስያዙም ቀረ። ዴልታና ካፓ እዚያው ነበሩ፤ ግን አላዳኑትም።

ጥያቄ፦ ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን ጄል ላይ በክብደት ለይቶ በአንቲቦዲ የሚያሳይ ምርመራ) ሠርቼ ከ60 እስከ 80 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) የተዝረከረከ ጥላ አገኘሁ። በስሌት 44 መሆን ነበረበት። አንቲቦዲው ተበላሽቶ ነው?

እኔን ያሳሰበኝ 44 ላይ ጥርት ያለ መስመር ብታገኝ ነበር። ሙ ሪሴፕተር ስኳር ተሸክሞ ነው የሚኖረው፤ ስኳሩ ያከብደዋል፣ ከሞለኪውል ሞለኪውል ስለሚለያይም ይዘረከረካል። ፒ ኤን ጌዝ ኤፍ በሚባለው ኤንዛይም ስኳሩን ቆርጠህ ድገመው፤ ጥላው ወደ ታች ከወረደ ደግ ነው። ደግሞ ናሙናውን 95 ዲግሪ ላይ አፍልተኸው እንዳይሆን! የሴል ሽፋን ውስጥ የሚኖሩ እንዲህ ያሉ ፕሮቲኖች ሲፈሉ እርስ በርስ ይጣበቁና ጄሉ አናት ላይ ይቀራሉ። 37 ዲግሪ ላይ ማሞቅ ይበቃል።

ጥያቄ፦ አምራቹ «ተፈትሿል» ብሎ ጽፏል። ልመነው?

በምን እንደተፈተሸ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ማስረጃ «አንቲቦዲውን ከፔፕታይዱ (ጥንቸሏ ከተወጋችው ቁራጭ) ጋር ስናቀላቅለው ቀለሙ ጠፋ» የሚል ነው። ይሄ ለእኔ ማስረጃ አይደለም። ፔፕታይዱ የአንቲቦዲውን እጅ ይይዛል፤ እጁ የተያዘ ደግሞ ትክክለኛውንም ሌላውንም መጨበጥ አይችልም። ቀለሙ በሁለቱም በኩል ይጠፋል።

ዳኛው ጂኑ የጠፋበት አይጥ፣ ኖክአውቱ ነው። እዚያም ላይ ከበራ ያየሽው ሌላ ነገር ነው። በዴልታ የሆነውን አስታውሺ፦ ለዓመታት ሲጠቀሙበት የኖሩት አንቲቦዲ ሰብስታንስ ፒ (የሕመም መልእክት የሚያስተላልፍ ኬሚካል) ያላቸውን የሕመም ነርቮች ያቀልም ነበር። በ2009 የወጣ ጥናት ግን ዴልታ በሌላቸው አይጦች ላይም እንደሚያቀልም አሳየ። ክርክሩ በዚያ አላበቃም፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ያለ ኖክአውት ምንም ሥዕል አላምንም።

ኖክአውቱም ቢሆን የትኛው ኤክሶን (የጂኑ ክፍል) እንደተቆረጠ እዪ። ብዙዎቹ የሙ አንቲቦዲዎች የሚይዙት ጭራውን፣ ከኤክሶን 4 የሚመጡትን የመጨረሻ 12 አሚኖ አሲዶች ነው። ኤክሶን 1 ብቻ የተቆረጠባት አይጥ ከኤክሶን 11 የሚጀምሩ ዓይነቶችን ልትሠራ ትችላለች፤ ጭራቸውም ያው ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ትክክለኛው አንቲቦዲም እዚያ ሊያበራ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኖክአውት ከየት ላምጣ? እዚህ የለም።

እንግዲያው ስትራያተም የሚባለውን የአንጎል ውስጠኛ ክፍል ቁረጥ። ሙ እዚያ እንደ ነብር ቆዳ ነጠብጣብ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ከኮርፐስ ካሎሰም (የአንጎልን ቀኝና ግራ ከሚያገናኘው የነርቭ ጥቅል) ሥርም ቀጭን መስመር አለችው። ውስጠኛው ሃቤኑላ (ትንሽ የአንጎል ክፍል) በደንብ ይበራል፤ ሴሬቤለም (ከኋላ ያለው ትንሹ አንጎል) ግን በጣም ደብዛዛ ነው። ሁሉም ቦታ እኩል ከበራልህ ሠርግ ቤት ነው፣ ጣለው። ኖክአውትን አይተካም፤ ውሸቱን ግን ቶሎ ያጋልጣል።

ጥያቄ፦ ከማውስ (ከትንሿ አይጥ) የተሠራ አንቲቦዲ ርካሽ አገኘሁ። ማውስ ላይ ይሠራል?

ይሠራል፣ ግን ያሰቃይሻል። የመጀመሪያውን አንቲቦዲ ፈልጎ የሚያበራው ሁለተኛው አንቲቦዲ የማውስን አንቲቦዲ ሁሉ ስለሚፈልግ የአይጧን የራሷንም ይይዛል፤ ደም ሥሮቹ ሁሉ ይበራሉ። የጥንቸሉን ግዢ። (እኛ ማውስንም ራትንም (ትልቋን) አይጥ ስለምንል ካታሎግ ስታነቢ ተጠንቀቂ። የሙ ጭራ በሁለቱም አንድ ስለሆነ እዚህ ላይ ብዙ አይጎዳም።)

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። መብራት ጠፍቶ ፍሪዘሩ ሌሊቱን ቀለጠ። አንቲቦዲውን ልጣለው?

አይዞህ፣ አትጣል። አንቲቦዲን የሚገድለው አንድ ሌሊት መቅለጡ ሳይሆን ደጋግሞ መቀዝቀዝና መቅለጡ ነው። ግማሹ ግሊሰሮል ከሆነ ደግሞ ከዜሮ በታች 20 ላይም አይረጋም። በትንንሽ ቱቦ ከፋፍለህ አስቀምጥ፤ አንዷን ስትራያተም ላይ ሞክር። ነጠብጣቡ ከታየ ሥራህን ቀጥል።

ጥያቄ፦ እናቴ ለካንሰር ሞርፊን ትወስዳለች፤ ብዙም አልያዘላትም። በዚህ አንቲቦዲ ሪሴፕተሯን ማስመርመር ይቻላል?

እግዚአብሔር ይማርልህ። አይቻልም፤ ይህ ለምርምር ብቻ የሚሸጥ ነው፣ ደግሞም የአንጎል ቁራጭ ይፈልጋል። የሽንት ምርመራውም ቢሆን የሚፈልገው መድኃኒቱን እንጂ ሪሴፕተሩን አይደለም። ለሐኪሟ አልያዘላትም ብለህ በግልጽ ንገር፤ መጠኑ ሊስተካከል ወይም መድኃኒቱ ሊቀየር ይችላል።