መልስ፦ «300» ፊልምን ጀምረህ «ውሸቱም ደሙም በዛብኝ» ላልከው

ፊልሙ 300 የስፓርታ (የጥንት ግሪክ ከተማ) ወታደሮች ከፋርስ ጦር ጋር ያደረጉትን ውጊያ ነው የሚያሳየው፤ ግን ታሪክ እንደምታይ አድርገህ አትየው። ተራኪው ዲሊዮስ ነው፤ አንድ ዓይኑን ያጣ ወታደር፣ ጓዶቹን ለጦርነት እያሟሟቀ የሚያወራ። ታዲያ ያጋንናል! ጭራቁም፣ ግዙፉ የፋርስ ንጉሥ ዘርክሲስም ከዚያ የመጡ ናቸው። እንደ ፉከራ ስማው።

ደሙም ፊልሙ የተመሠረተበት የፍራንክ ሚለር ኮሚክ (በሥዕል የተተረከ መጽሐፍ) ላይ እንደተረጨ ቀለም ነው። ቀረጻው ባብዛኛው ስቱዲዮ ውስጥ ስለሆነ ሰማዩ ሳይቀር የተሳለ ይመስላል። በስልክ ካየኸው ግማሹ ቀረብህ፤ ቲቪ ላይ፣ መብራት አጥፍተህ እየው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። እኔ ፊልሙን አምኜ «እስከ መጨረሻው የተዋጉት 300ዎቹ ስፓርታዎች ብቻ ነበሩ» ብዬ ተከራክሬ አፍሬአለሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ቴርሞፒሌ በተባለው የግሪክ ጠባብ መተላለፊያ ላይ፣ ከሌላ የግሪክ ከተማ የመጡ 700 ገደማ ቴስፒያውያንም እስከ መጨረሻው አብረዋቸው ነበሩ። ስፓርታዎቹም ደረታቸውን ገልጠው ሳይሆን ጥሩር ለብሰው ነው የተዋጉት።