ቻናሉ በማን ስም ይከፈት?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። ዛሬ ሱቅ ሳልከፍት ልመልስልሽ ብዬ ተቀመጥኩ።

እንደጻፍሽው ሦስት የድሬ ልጆች ናችሁ። እዚህ ድሬ ያለውን የከዚራ ሰፈር የድሮ ቤቶች፣ የሐረር ጀጎልን ምግብና የእጅ ሥራ እየቀረጻችሁ ዩቲዩብ ላይ ልታወጡ አስባችኋል። አንዱ ይቀርጻል፣ አንዷ ኤዲት ታደርጋለች፣ አንቺ ትተርኪያለሽ። የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው፦ ቻናሉ በማን ጂሜይል ይከፈት? ሦስታችንስ በአንድ ፓስወርድ እንዴት እንሥራ? ብዙ ሰው ስለ ካሜራና ስለ ማይክ መለሰልሽ። ጥሩ ነው፣ ይጠቅማችኋል። እኔ ግን የጠየቅሽውን ልመልስ፤ የጎዳኝ እሱ ስለሆነ።

እዚሁ ድሬዳዋ የሠርግ ቪዲዮ ቤት አለኝ። በ2009 ዓ.ም. አብሮን የሚሠራ ጎበዝ ልጅ ነበር። «አቦ፣ ለምን ዩቲዩብ አንከፍትም?» አለኝ። ደስ አለኝ። በራሱ ጂሜይል፣ በራሱ ስልክ ቁጥር ከፈተው። የማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም፤ የቤታችን ነው ብዬ ነበር የማስበው። ከፈቀዱልን ሙሽሮች ሁለት መቶ የሚጠጋ ቪዲዮ ጫንን። ከዚያ ልጁ ዐረብ አገር ሄደ። ሲሙን እዚህ ትቶት ነው የሄደው፤ ሳይሠራበት ስለቆየ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ተሰጠ። አንድ ቀን አካውንቱ ከኮምፒውተራችን ወጣ፤ ለመግባት ስንሞክር በስልክ የተላከ ኮድ አስገቡ አለን። ኮዱ የሚሄደው ወደማናውቀው ሰው ስልክ ነው። ልጁም ካለበት ሆኖ ሞከረ። አዲስ አገር፣ አዲስ ስልክ፤ ጉግል አላመነውም።

ቻናሉ ዛሬም አለ። ቪዲዮዎቹ ይታያሉ። እኛ ግን አንዲት ፊደል እንኳ መቀየር አንችልም። ባለፈው ዓመት አንዲት ደንበኛችን መጣች። ትዳሯ ፈርሷል፣ ሌላ ሕይወት ጀምራለች። «እባክህ ሠርጌን አውርድልኝ» አለችኝ። ምን ልበላት? በስተመጨረሻ ራሷ የዩቲዩብን የግላዊነት አቤቱታ ሞልታ ነው የወረደላት። እኔ ቁጭ ብዬ እንግሊዝኛውን ከማንበብ በቀር ምንም አላደረግኩላትም። ያን ቀን አልረሳውም።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሴ ይኸው፦ ከሦስታችሁ በማንኛችሁም የግል ጂሜይል አትክፈቱት። ለቻናሉ ብቻ የሚሆን አዲስ ጂሜይል አውጡ። በእሱ ፌስቡክ አይከፈትበት፣ ጨዋታ አይጫንበት፣ ማንም ስልኩ ላይ ለዕለት ሥራ አይጠቀምበት።

ጂሜይሉን ራሳችሁ ክፈቱት። ይህን አጥብቄ የምለው ምክንያት አለኝ። እኛ አገር ብዙ ሰው ስልክ ሲገዛ ጂሜይሉን የሚከፍትለት የሱቁ ልጅ ነው። ልጁ ቸኩሎ የመጣለትን የትውልድ ቀን ያስገባል፣ ፓስወርዱን ራሱ ይፈጥራል፣ ከዚያ ማንም አያስታውሰውም። የትውልድ ቀኑ ከ13 ዓመት በታች ሆኖ ከተመዘገበ ደግሞ ጉግል አካውንቱን ሊዘጋው ይችላል። የጎረቤቴ ልጅ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አካውንቱ ግን ሕፃን ነህ ብሎት መታወቂያ እስኪያስገባ ድረስ ተቸገረ። ትክክለኛ ቀን አስገቡ፣ በደብተርም ጻፉት።

ቀጥሎ መልሶ ማግኛውን ሙሉ። ሪከቨሪ ስልክና ሪከቨሪ ኢሜይል የሚባሉት ናቸው። ስልኩ የአንዳችሁ፣ ኢሜይሉ የሌላኛችሁ ይሁን። አንዳችሁ ብትርቁ ሌላው በር ክፍት ይሆናል። ከዚያ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን፣ ማለትም ከፓስወርዱ በተጨማሪ ኮድ የሚጠይቀውን፣ አብሩ። ኮዱ በኤስኤምኤስ ብቻ እንዲመጣ አታድርጉት፤ ኔትወርክ በጠፋ ቀን ደጅ ትቀራላችሁ። አውተንቲኬተር የሚባለው አፕ ኮዱን ስልኩ ላይ ያወጣዋል፣ ኢንተርኔት አይፈልግም።

ባክአፕ ኮድ የሚባልም አለ። ጉግል ባለ 8 አሃዝ 10 ቁጥሮች ይሰጣችኋል፤ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። ስልክ ቢሰረቅ፣ ሲም ቢጠፋ፣ የሚያስገባችሁ እሱ ነው። ስክሪንሾት አድርጋችሁ እዚያው ስልክ ውስጥ አታስቀምጡት፤ ስልኩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። እኔ አሁን የአዲሱን ቻናሌን ኮዶች በእስክሪብቶ ጽፌ፣ በፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ ከቤቱ ካርታ ጋር ነው ያኖርኩት። ፕላስቲኩ ለምን እንደሆነ የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ ያየ የድሬ ሰው ይገባዋል። ያኔ ስንት ቤት ሰነዱን ውሃ በላው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ፣ የፓስወርዱ ነገር። ለሦስት ሰው አንድ ፓስወርድ አይሁን። አንዱ እዚህ ድሬ ሳቢያን፣ አንዷ ሐረር፣ ሌላው አዲስ አበባ ሆኖ በአንድ ፓስወርድ ሲገባ ጉግል ራሱ ተጠራጥሮ ሊዘጋው ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ግን ስትጣሉ ነው። አትጣሉ ማለቴ አይደለም፤ ሦስት ጓደኛ አንድ ሥራ ከጀመረ አንድ ቀን ይጋጫል፣ የሰው ነገር ነው። ያን ቀን ፓስወርዱን ቀድሞ የቀየረው ሰው ቻናሉን ይወስደዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በኮምፒውተር ዩቲዩብ ስቱዲዮ ግቡ፤ ቻናሉን የምታስተዳድሩበት ገጽ ነው። ሴቲንግ፣ ከዚያ ፐርሚሽን። እዚያ የእያንዳንዳችሁን የግል ጂሜይል ጽፋችሁ ትጋብዛላችሁ። ሁሉም በየራሱ አካውንት ገብቶ ይሠራል፤ የቻናሉን ፓስወርድ ማወቅ አያስፈልገውም። ደረጃዎች አሉት። ማናጀር ሰው መጨመርም ማስወጣትም ይችላል፣ ቻናሉን ማጥፋት ግን አይችልም። ኤዲተር ይጭናል፣ ርዕስና ገለጻ ያስተካክላል፤ አንዴ የወጣ ቪዲዮ ግን መሰረዝ አይችልም። ማየት ብቻ የሚፈቅድም አለ። እኔ ብሆን አንቺንና አንዱን ማናጀር፣ ሦስተኛዋን ኤዲተር አደርግ ነበር። ነገ ዘመድ ሊረዳችሁ ቢመጣ ኤዲተር አድርጋችሁ ትጀምሩታላችሁ። ሲሄድ ስሙን ታወጣላችሁ፣ አለቀ። ፓስወርድ መቀየር የለ፣ መቀያየም የለ።

ብራንድ አካውንት ስለሚባለው ሰምታችሁ ይሆናል። እሱም ከአንድ በላይ ባለቤት እንዲኖር ያደርጋል። ዋናውን ባለቤትነት ለሌላ ለማስተላለፍ ግን ተቀባዩ ባለቤት ከሆነ 7 ቀን መሙላት አለበት። ቻናል የምትገዙ ወይም የምትረከቡ ከሆነ ይህን አስቡበት። ለእናንተ ለጊዜው ፐርሚሽኑ ይበቃችኋል።

ስም ላይ ብዙ አልቆይም። ድሬዳዋን በላቲን ፊደል ሰው ሁለት ሦስት ዓይነት ይጽፈዋል። አንዱን ምረጡና ዩቲዩብም፣ ቲክቶክም፣ ፌስቡክም ላይ ክፍት መሆኑን አይታችሁ በአንድ ቀን ያዙት። የቻናሉን ስም በ14 ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ መቀየር ይቻላል፤ ግን ሰው ከለመደው በኋላ አትነካኩት።

ስልክ ቁጥር አስገብታችሁ ቻናሉን ቬሪፋይ አድርጉ። ካላደረጋችሁ ከ15 ደቂቃ በላይ የሆነ ቪዲዮ አይጫንም፣ የራሳችሁን ተምኔል፣ ማለትም የቪዲዮውን የሽፋን ምስል፣ ማድረግ አትችሉም፣ ላይቭም የለም። አንድ ቁጥር በዓመት የሚያረጋግጠው ሁለት ቻናል ብቻ ነው። ቁጥሩን ለሁሉ ሰው ቻናል የሰጠ ጓደኛ ካላችሁ የሌላ ሰው ተጠቀሙ።

አሁን ወደ ጀጎል ልውሰድሽ፤ እናንተ ልትሠሩ ያሰባችሁት እዚያ ስለሆነ። ዘንድሮ አንዲት እናት የሐረሪ ቤታቸውን እንድንቀርጽ ፈቀዱልን። ግድግዳው ሙሉ ስፌት ነው። ቀዩ መደብ ላይ ተቀምጠው አንዱን ሙዳይ አነሡና የአያታቸው እጅ ሥራ መሆኑን ነገሩን። በጣም የሚያምር ቀረጻ ነበር። ሲወጣ ግን ልጃቸው ደወለ። ከኋላ ሻሽ ሳትሸፍን ያለፈች እህቱ ለሦስት ሰከንድ ያህል ትታያለች። ማንም ልብ አላላትም፣ እኔም አላየኋትም። ቪዲዮውን ሰርዤ እንደገና ልጭነው ነበር። አያስፈልግም ነበር። ስቱዲዮ ውስጥ ኤዲተር የሚባል የቪዲዮ መቁረጫ መሣሪያ አለ፤ በእሱ ቆርጬ አወጣሁት። ሊንኩ አልተቀየረም፣ አስተያየቱም እይታውም እንዳለ ቀረ። ፊት ማደብዘዣም አለው። ቪዲዮው ከ100 ሺህ እይታ ካለፈ ግን ከማደብዘዝ በስተቀር ሌላው ላይፈቀድ ይችላል፤ ስለዚህ ቶሎ ማየት ነው።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ልማድ አለን። ማንኛውም ቪዲዮ መጀመሪያ ፕራይቬት ሆኖ ይጫናል፣ ወይም አንሊስትድ። ፕራይቬት የጋበዝነው ሰው ብቻ ነው የሚያየው፣ በጂሜይሉ። አንሊስትድ ሊንኩ ያለው ሁሉ ያየዋል፤ ሊንኩን ያገኘ ሰው ለሌላ መላክ ይችላል፣ ስለዚህ ለምስጢር አይሆንም። ለቤቱ ባለቤት ሊንኩን እንልካለን። አይተው «ይሁን» ሲሉ ፐብሊክ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሰው ቤት አስገብቶ ቡና አፍልቶ የሚያስተናግደውን ሕዝብ ማሳፈር ነውር ነው።

ስለ ዘፈንም ስጋት አለኝ። መኪና ግርግር የሚባለውን የጀጎል የልብስ ሰፊዎች መንገድ ስትቀርጹ የስፌት መኪናው ድምፅ ብቻ አይገባም፣ ከጎን ያለው ሱቅ የከፈተው ዘፈንም ይገባል። ቪዲዮው እንደተጫነ ሲስተሙ ዘፈኑን ያውቀዋል፤ የባለቤትነት ጥያቄ ይመጣል። አትደንግጡ። ክሌም ይባላል፣ ቅጣት አይደለም። ብዙ ጊዜ የማስታወቂያው ገቢ ለዘፈኑ ባለቤት ይሄዳል ወይም ቪዲዮው በአንዳንድ አገር ይታገዳል። እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ዘፈኑን ብቻ አጥፍቶ ንግግሩን የሚተው መሣሪያ አለ፤ ሁልጊዜ ጥርት ባይልም ይሞከር። ስትራይክ የሚባለው ግን ሌላ ነው። ባለመብቱ ሕጋዊ ጥያቄ አቅርቦ ቪዲዮው ሲወርድ ነው የሚመጣው። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከደረሰ ቻናሉ ይዘጋል። የሐረር ሴቶች ራሳቸው ከበሮ እየመቱ የሚዘፍኑትን ከቀረጻችሁ እሱ ከሲዲ ከተወሰደ ዘፈን በብዙ ይሻላል። ለእኔ ጆሮ የበለጠ የሚያምረውም እሱ ነው።

አንድ አደጋ ላስጠንቅቃችሁ። ቻናሉ ትንሽ ሲታወቅ በኢሜይል «ስፖንሰር ልናደርጋችሁ ነው» የሚል ይመጣል። ውሉን ከዚህ ፋይል አውርዱ ይላል። ፋይሉ ኮምፒውተሩ ላይ የተከፈተውን አካውንት ይሰርቃል፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውም አይመልሰውም፣ ምክንያቱም እናንተ አስቀድማችሁ ገብታችኋል። ጓደኛዬ እንዲህ ተበልቶ በማግስቱ ቻናሉ ላይ የክሪፕቶ ላይቭ ሲተላለፍ አገኘው። ስለዚህ ዋናው ጂሜይል ሁሉም ሰው ፊልም በሚያወርድበት ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ አይደር።

ገንዘቡን ስላልጠየቅሽ በአጭሩ። ከማስታወቂያ ገቢ ለማግኘት 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት፣ ወይም በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የሾርትስ (የአጫጭር ቪዲዮ) እይታ ይጠየቃል። ግሩፕ ውስጥ «ሰብ ላድርግህ፣ ሰብ አድርገኝ» የሚባለው አይጠቅምም፤ ዩቲዩብ የሐሰት ተሳትፎ ብሎ ይከለክለዋል፣ የመጡትም ሰዎች ቪዲዮውን አያዩም። ገና ሳንቲም ሳይመጣ ግን ሦስታችሁ ወረቀት ላይ ተፈራረሙ፦ የክፍያው አካውንት በማን ስም ነው፣ ድርሻው እንዴት ነው፣ አንዱ ቢወጣ ምን ይሆናል። ገንዘብ ከመጣ በኋላ የሚጻፍ ውል ላይ ሰው ቶሎ አይስማማም።

ስለ ጭነቱ ደግሞ፣ ድሬ ላይ ከቀትር በኋላ ሞክራችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፣ ኔትወርኩ ይጎተታል። እኔ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥቼ ነው የምጭነው። አየሩም ቀዝቀዝ ይላል፣ ኮምፒውተሩም አይግልም። መብራት ሄዶ ቢቋረጥ በ24 ሰዓት ውስጥ ያንኑ ፋይል እንደገና ምረጡ፤ ካቆመበት ይቀጥላል።