አፋፍ ላይ የሚከዳ ጉልበት

ስለ እግር ጉዞ የላካችሁልኝ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ ፍርሃቴን ልስማው ወይስ ልለፈው?

«ጣርማ በር ላይ ቆሜ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሳይ ጉልበቴ ይከዳኛል። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ጉዞውን ልተወው?»

አትተዪው እህቴ። እዚያ አፋፍ ላይ ቆሞ ምንም የማይሰማው ሰው ነው እኔን የሚያሰጋኝ። መጀመሪያ የፈራሽው ምን እንደሆነ ለዪ። ራቅ ብለሽ ቁጭ ስትዪ ልብሽ ከተረጋጋ የፈራሽው ከፍታውን ነው፣ እሱ ደግሞ ሳይጣደፉ ደጋግመው ሲያዩት ይለመዳል። ግን ጭጋጉ ከታች ተነስቶ መንገዱን ከሸፈነው፣ ድንጋዩ ረጥቦ ጫማሽን ካንሸራተተው፣ ጉልበትሽ እውነቱን ነው፤ ተመለሽ። አገሩን የምታይበት ዓይን እግርሽ ሥር ከተተከለ ምን ደስታ አለው? ለጓደኞችሽም ንገሪያቸው፤ በቡድን ሲኬድ የሚኬደው በዘገምተኛው እግር ነው።

«መንዝ ጓሳ ድንኳን ጥለን ልናድር ነው። ከፍታው ያሰጋኛል።»

ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ አየሩም ስለሚሳሳ ቢያሰጋህ አይፈረድብህም። ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ገስግሶ ከመውጣት ደብረ ብርሃን፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ አድሮ መቀጠል ይሻላል። ቀላል ራስ ምታት ከመጣ አረፍ በል፣ ውሃ ጠጣ፣ ከዚያ በላይ አትውጣ። እየባሰ ከሄደ ውረድ። እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገድክ ወይም ቁጭ ብለህም ትንፋሽ ካጠረህ ደግሞ «እስኪነጋ ልቻለው» የሚባል ነገር የለም፣ ሰው ይዘህ በሌሊትም ቢሆን ውረድ። ብርዱንም አትናቀው፣ ጋቢ ጨምር። ደህና ካደርክ ግን ጠዋት ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ካደሩበት ገደል ወጥተው ሳር ሲነጩ ታያለህ፣ ለዚያ ሲባል መድከም ያዋጣል።

«ጭላዳ ይነክሳል?»

ካልተጠጋኸው አይደርስብህም፣ ምግቡ ሳር ነው። ምግብ አትስጠው፣ በእናትና በልጇ መሀል አትግባ። እኔ ይልቅ የምጠነቀቀው የእረኛ ውሻ ነው፤ አትሩጥ፣ ቆመህ እረኛውን ጥራ።

«ወፍ ዋሻ ጫካ በሐምሌ እንሂድ?»

ክረምቱ ቢያልፍ ደስ ይለኛል። የግድ ከሆነ ማልዳችሁ ውጡ፣ ነጎድጓዱ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ነው። ብልጭታውን አይታችሁ ድምፁ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር አይርቅም፤ ከጋራው ጫፍ ውረዱ፣ ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

«እናቴ ብቻህን አትሂድ ትለኛለች።»

እናትህ ልክ ናቸው። ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆ እግርህ ወለም ቢል ማን ያወጣሃል? የአገሬውን ሰው መንገድ መሪ አድርግ፣ የት እንደምትሄድና ስንት ሰዓት እንደምትመለስ ለእናትህ ንገራቸው። ስለ መንገዱ ሰላም ደግሞ ያንኑ ዕለት ጠዋት የአካባቢውን ሰው ጠይቅ፣ «ዛሬ ይቅርብህ» ካሉህ ይቅርብህ።